ፓምፑ ሟች ነው፤ ገዳዩን እንፈልግ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ የምኖረው አዳማ ነው፤ ሥራዬ ሞጆ ስለሆነ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ከሦስት ወር በፊት በደላላ በኩል እ.ኤ.አ. የ2005 ሞዴል ኮሮላ ገዛሁ። ወር ሳይሞላኝ መንገድ ላይ ጉልበት አጣና ቀጥ አለ። አስጎትቼ ጋራዥ አስገባሁት፤ ‹የቤንዚን ፓምፑ ተቃጥሏል› ተብዬ ለዕቃው 24,000፣ ለእጅ 4,500 ብር ከፈልኩ። በስድስተኛው ሳምንት ያው በሽታ ተመለሰ። ጠዋት ደህና ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ይቆራረጣል፤ አንዳንዴም ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካረፈ ይነሳል። ሌላ ጋራዥ ‹ፓምፑ እንደገና ሄዷል፤ ኮምፒውተር ቦክሱም ሳይነካ አይቀርም፤ ኢንጄክተሩም ይታጠብ› ብሎ 78,000 ብር ጠራብኝ። በነገራችን ላይ ከመጀመሪያው ጥገና ወዲህ የቤንዚን ጌጁ ሩብ ላይ ተገትሮ ቀርቷል፤ እሱ እንኳ ብዙም አላስቸገረኝም፤ በየሁለት ቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀዳሁ ነው የምነዳው። ሻጩ አታሎኝ ይሆን? ልክፈል ወይስ ልሽጠው?»

ወንድሜ፣ 78,000 ብሩን አሁን አትክፈል። ኮምፒውተር ቦክስ የተባለውን፣ ሞተሩን የሚያዘውን ኮምፒውተርማ ለጊዜው ከነጭራሹ እርሳው። ከጻፍከው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ወሬ «በነገራችን ላይ» ብለህ ያለፍከው ነው፤ ከጥገናው ወዲህ ጌጁ ሩብ ላይ ቆሟል፣ አንተም ትንሽ ትንሽ እየቀዳህ ትነዳለህ። መኪናው እኔ ጋ ቢመጣ ምርመራውን የምጀምረው ከዚያ ነው።

የዚህ መኪና የቤንዚን ፓምፕ እንደ ድሮዎቹ ባለ ካርቡራተር መኪኖች ሞተሩ ጎን የታሰረ አይደለም። ከኋላ ወንበር ሥር፣ ታንኩ ውስጥ፣ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ የሚዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ብቻውንም አይቀመጥም፤ አንድ የፕላስቲክ ማቆሚያ ላይ ፓምፑ፣ ከታች የሚስብበት ወንፊት፣ ፊልትሮው፣ ግፊቱን የሚመጥነው ሬጉሌተርና ለጌጁ የቤንዚኑን መጠን የሚለካው ተንሳፋፊ አብረው ታስረዋል። ፓምፕ የሚቀይር ሰው ይህን ሁሉ ባንድ ላይ በጠባብ ቀዳዳ ስቦ ያወጣዋል። ሲመልሰው የተንሳፋፊውን ቀጭን የሽቦ ክንድ ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ቀስ ብሎ ማስገባት አለበት። ቸኩሎ ከገፋው ክንዱ ይጣመማል ወይም ከታንኩ ግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ ጌጁም አንድ ቦታ ይገተራል። ከጥገናው በፊት ይሠራ የነበረ ጌጅ ከጥገናው ማግስት ሩብ ላይ ከቆመ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ያንን ክንድ ነው።

ይህ ከፓምፑ መሞት ጋር ምን አገናኘው ትለኝ ይሆናል። ቤንዚኑ ለፓምፑ ሁለት ውለታ ይውልለታል፤ ያቀዘቅዘዋል፣ ያለሰልሰዋል። ፓምፑ ሁልጊዜ ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ ነው የሚገፋው፤ ትርፉን ሬጉሌተሩ እዚያው ታንኩ ውስጥ መልሶ ይለቀዋል። ታንክህ 50 ሊትር ገደማ ይይዛል። 30 ሊትር ካለበት የፓምፑ ሙቀት እዚያ ሁሉ ቤንዚን ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። 5 ሊትር ብቻ ከሆነ ግን ያችኑ ቤንዚን ደግሞ ደጋግሞ ያዞራታል፤ ምድጃ ላይ እንደተረሳ ጀበና እያሞቃት ይሄዳል። የአዳማን የሚያዝያ ከሰዓት ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ፤ ከላይ ፀሐይ፣ ከታች የጋለ አስፋልት። የሞቀ ቤንዚን ፓምፑ በሚስብበት በኩል ወደ እንፋሎትነት ይለወጣል፤ ፓምፑም ፈሳሽ በመሳብ ፈንታ እንፋሎት ይጎርሳል። ዳገት ላይ ያቺ የቀረችው ቤንዚን ወደ ኋላ ትሸሻለች፤ ሞተሩ ደግሞ ብዙ የሚጠይቀው እዚያው ዳገት ላይ ነው። ይቆራረጣል፣ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ይቀዘቅዝና ይነሳል። ጠዋት ደህና የሚሆነውም ሌሊቱን ሁሉ ሲቀዘቅዝ ስላደረ ነው።

አንተ ሩብ አለኝ ብለህ ስትነዳ ታንኩ ውስጥ ስንት እንዳለ እግዜር ይወቀው። የነዳጁን ሰልፍ አውቀዋለሁ፤ ሰው ያገኘውን ቀድቶ ነው የሚሄደው፣ አልፈርድብህም። ግን ጌጁ የማይሠራ መኪና ላይ ትንሽ ትንሽ መቅዳት ማለት ፓምፑን በየቀኑ ባዶ ምጣድ ላይ መጣድ ነው። አዲስ የተባለው ፓምፕ በ6 ሳምንት የሄደው በዚህ ሊሆን ይችላል።

«ሊሆን ይችላል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እስካሁን ያልኩህ ሁሉ ከምልክቱ ጋር ይገጥማል፤ ገጠመ ማለት ግን ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት ቪትዝ ልክ እንዳንተ ዓይነት ምልክት ይዛ መጣች፤ ሲሞቅ ትጠፋለች፣ ሲበርድ ትነሳለች። ሳልለካ፣ በጆሮዬና በልምዴ ተማምኜ ፓምፕ ቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን ተጎትታ ተመለሰች። ጥፋቱ የክራንክ ሴንሰሩ ነበር። ይህ ሴንሰር ሞተሩ መዞሩን ለኮምፒውተሩ የሚናገር ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሲያረጅ በሙቀት ይደነዝዛል፣ ሲበርድ ይነቃል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ የሚዞር ካልመሰለው ካንዴላውንም ፓምፑንም ይዘጋቸዋል። እኔ ደግሞ ፓምፑ ሳይሠራ አግኝቼው «ፓምፑ ሞተ» አልኩ። ለባለቤቱ የእጁን ዋጋ መልሼ ፓምፑን ከራሴ ኪስ ቻልኩት። ያ ፓምፕ ለሁለት ዓመት መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ኖሯል።

ስለዚህ መጀመሪያ ልኬት። በሚቀጥለው ጊዜ መኪናው ሲጠፋብህ ከመቀዝቀዙ በፊት አንድ ነገር ተመልከት፤ ቁልፉን አዙረህ ሞተሪኖው ሲያዞር የአር ፒ ኤሙ (የሞተሩን ዙር የሚያሳየው) መርፌ ትንሽ ብድግ ይላል ወይስ ዜሮ ላይ ተኝቶ ይቀራል? ብድግ ካለ የክራንክ ሴንሰሩ እየሠራ ነው ማለት ይቻላል። ተኝቶ ከቀረ ፓምፑን ተወውና ሴንሰሩን አስመርምር። አምስት ሳንቲም የማይጠይቅ ምርመራ ነው። አንድ ማሳሰቢያም ልጨምር፤ ብዙ ሰው ቁልፉን ኦን ላይ አድርጎ ከኋላ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ካልሰማ ፓምፑ ሞቷል ይላል። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች ግን ፓምፑን የሚያስነሱት ሞተሪኖው ሲዞር ነው፤ ኦን ላይ ዝም ቢሉ ተፈጥሯቸው ነው። ድምፁን የምትሰማው አንድ ሰው ሞተሪኖውን እያዞረ አንተ ኋላ ወንበር ላይ ጆሮህን ስትጥል ነው።

መንገድ ላይ ከቀረህ ደግሞ የድሮ ሹፌሮች ዘዴ አለ። ሰው ሞተሪኖውን ሲያዞር የታንኩን ሆድ ከታች በጫማ ሶል ወይም በጎማ መዶሻ ጠንከር አድርገህ መታ መታ ማድረግ። የፓምፑ ካርቦን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሻግረው ቁራጭ፣ አልቆ ከሆነ ንዝረቱ ያገናኘውና ሊነሳ ይችላል። ተነሳ ማለት ቤት ያደርስሃል ማለት እንጂ ተጠገነ ማለት አይደለም። ግን እሱም ምርመራ ነው፤ በመመታት የተነሳ መኪና ፓምፑ ማርጀቱን ራሱ ነገረህ።

ጋራዥ ስትሄድ የምትጠይቀው የግፊት ጌጅ ነው። ጌጅ የሌለው ጋራዥ ስለ ቤንዚን ፓምፕ የሚናገረው ግምት ነው። የዚህ ትውልድ ኮሮላ የጥገና መጽሐፉ የሚፈልገው ግፊት ከ304 እስከ 343 ኪሎ ፓስካል ነው፤ በባር ጌጅ ከ3 እስከ 3.5 ባር ገደማ ይሆናል። ሞተሩ ከጠፋ 5 ደቂቃ በኋላም 147 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ወደ 1.5 ባር፣ ይዞ መቆየት አለበት። አንተ ጋ ዋናው ቁም ነገር መቼ እንደሚለካ ነው። ጠዋት በብርድ ለክተው «3.2 ነው፣ ደህና ነው» ቢሉህ ምንም አልነገሩህም። ከሰዓት፣ ነድተኸው ሞቆ፣ መቆራረጥ ሲጀምር ይለካ። ያኔ መርፌው ወደ 2 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ቤንዚን አጥቷል። መርፌው 3.2 ላይ ቆሞ ሞተሩ ከጠፋ ፓምፑ ንጹህ ነው፤ ያቺ የእኔ ቪትዝ ትሁንህ ምስክር።

የግፊት ጌጁ ወርዷል እንበል። አሁንም ፓምፕ አትግዛ። ኤሌክትሪሺያኑ ቴስተሩን ይዞ ኋላ ወንበር ሥር ይግባ። ፓምፑ እየሠራ እያለ በፓምፑ ሶኬት ላይ ያለው ቮልት ከባትሪው ቮልት ጋር ይነጻጸር። ሞተሩ በርቶ ባትሪው 14 ገደማ ሲያሳይ ፓምፑ ጋ 13.5 ቢደርስ ጥሩ ነው። 11 ወይም 10 ከሆነ የበሉት ሽቦው፣ የፓምፑን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌይ ወይም ከቦዲው ጋር የታሰረው ኔጌቲቭ ናቸው። ፓምፕ ቮልት ሲያንሰው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሰውም ፓምፑን ይኮንናል። ሶኬቱን ነቅላችሁም እዩት፤ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ከቀለጠ፣ ፒኑ ከጠቆረ፣ የለወጣችሁት ሁሉ አዲስ ፓምፕ በዚያች ሶኬት ምክንያት ይሰቃያል። አንድ ጊዜ ሁለት ፓምፕ የበላች መኪና መጥታልኝ ጥፋቱ ዝገት የበላው አንድ የኔጌቲቭ ብሎን ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ብሎኑን ነቅዬ፣ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ መልሼ አሰርኩት። ምን ብዬ ገንዘብ ልጠይቅ?

ሌላው ልኬት አምፒር ነው። የዚህ ዓይነት ፓምፕ ደህና ሲሆን ከ4 እስከ 6 አምፒር አካባቢ ይጎትታል። 8 እና 9 ከጎተተ አንድ ነገር እየከበደው ነው፤ ፊልትሮው ታፍኗል ወይም ውስጡ እየተጣበቀ ነው። 2 ከሆነ ደግሞ በባዶ እየዞረ ነው ወይም ካርቦኑ አልቋል። ይህን የሚለካ ኤሌክትሪሺያን ካገኘህ ስልኩን ያዝ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። የመጀመሪያው ጋራዥ አሮጌውን ፓምፕ ሰጥቶህ ነበር? ካልሰጠህ ሂድና ጠይቅ፤ ምናልባት ማዕዘን ውስጥ ተጥሎ ታገኘዋለህ። ሁለተኛውም ሲወጣ በእጅህ ይሁን። ገንዘብ የከፈልክበት ዕቃ አሮጌው ያንተ ነው፤ ይዤ ልሂድ ማለት ነውር የለውም። ሐኪም አስከሬን መርምሮ የሞቱን ምክንያት እንደሚያውቅ መካኒክም ፓምፑን ቀዶ ማየት ይችላል። ቆርቆሮውን በመጋዝ ክፈት፤ ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ፣ ከእሳት ርቀህ፣ በእጅ መጋዝ ብቻ፤ በግራይንደር አይደለም።

ውስጡን ስታየው የሚናገረው አለው። ካርቦኖቹ እኩል አልቀው አጭር ጉቶ ሆነው ከቀሩ፣ ካርቦኑ የሚፈተግበት መዳብም ወጥ ሆኖ ከተበላ፣ ያ ፓምፕ በዕድሜው ነው የሞተው። የ20 ዓመት መኪና የፋብሪካ ፓምፕ እንዲህ ቢሆን «ነፍስ ይማር» ብለህ ታልፋለህ። ካርቦኑ ገና ረጅም ሆኖ ፕላስቲኩ የተንጨረጨረ፣ መዳቡ የተለበለበ ከሆነ በሙቀት ሞቷል፤ ታንኩ ባዶ ሆኖ ነበር የሚዞረው። የሚገፋው ጥርሳም ክብ ፕላስቲክ ጫፉ ተፍቆ፣ ዙሪያው ተጭሮ ከሆነ አሸዋ ወይም ዝገት በልቶታል፤ ገዳዩ ቆሻሻ ነው። ከታች ያለውን ወንፊትም ዘርጋው። አዲስ ወንፊት ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም አለው፤ ያንተ ጥቁርና ድርቅ ያለ ከሆነ ፓምፑ በታፈነ አፍንጫ ሲተነፍስ ነበር ማለት ነው። ወንፊቱ ከነአሮጌነቱ አዲስ ፓምፕ ላይ ተሰክቶ ካገኘኸው ደግሞ የመጀመሪያውን ጋራዥ ሥራ በዓይንህ አየኸው። ይህን በጣም ብዙ ጊዜ አያለሁ። ወንፊቱ ከፓምፑ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው፣ ግን የሚረሳው እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ፓምፕ ማን ገደለው ብትለኝ፣ ሳላየው ብወራረድ ዕድሜና ደላላ ብዬ እወራረዳለሁ። ደላላ ጋ የቆመ መኪና ታንኩ ውስጥ ከሁለት ሊትር በላይ ቤንዚን አይገኝም፤ ገዢ በመጣ ቁጥር ባዶ ታንክ ይዞ ዙርያ ጥምጥም ይነዳል። የሁለተኛውን ገዳይ ግን ፓምፑ ራሱ ይነግረናል።

ከገዳዮቹ መሃል ቆሻሻን ለብቻው ላንሳው፤ አዳማ ነፋስና አቧራ ያላት ከተማ ናት። 204 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖች በከተማዋ አቅራቢያ የተተከሉት እንዲሁ አይደለም። ያ አቧራ በኋላ ወንበር ሥር የፓምፑ ክዳን ላይ ለ20 ዓመት ሲከማች ኖሯል። መካኒኩ ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት በአየር ካላነፋውና ካልጠረገው ያ ሁሉ ወደ ታንኩ ይገባል፤ እንዲህ ያለ ጥገና ራሱ በሽታ ይሆናል። ክዳኑ ሲከፈት ባትሪ ይዛችሁ ወደ ታንኩ ወለል ተመልከቱ፤ መብራቱ ሻማ ወይም ክብሪት እንዳይሆን፣ የእጅ ባትሪ ይሁን፣ እሱም ክዳኑ ሳይነሳ በፊት የበራ። ቤንዚን ጥርት ብሎ ወለሉ ከታየ ደስ ይበላችሁ። ደለል፣ ዝገት ወይም እንደ ዶቃ የሚንከባለል ውሃ ከታየ ታንኩ ወርዶ ይታጠብ። ሰው የሚፈራው የእጁን ዋጋ ነው፤ ሳይታጠብ የሚገባ ፓምፕ ግን ለሌላ ስድስት ሳምንት የተከራየ ፓምፕ ነው።

ቤንዚን ሲጠፋ ከጀሪካን የገዛህበት ቀን ካለ ለመካኒኩ ንገረው። በጀሪካን የሚዞር ቤንዚን ውሃም አቧራም ሊይዝ ይችላል፤ ላምባ የሚቀላቅሉም አሉ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንኩ ወለል ላይ ይተኛል፣ ፓምፑ የሚስበውም ከወለል ነው። መቅዳት ግድ ከሆነብህ ጨርቅ ሳይሆን ጥሩ ወንፊት ያለው ማንቆርቆሪያ ተጠቀም፣ የመጨረሻዋን ጭላጭ ደግሞ አትገልብጣት።

ኮምፒውተር ቦክሱን በተመለከተ፣ በዚህ ምልክት ኮምፒውተር ቦክስ መጠርጠር በመጨረሻ የሚደረግ ነው። የኮምፒውተሩን የስህተት ኮድ የሚያነብ ስካነር ይሰካ፣ ምን ኮድ እንዳለ በወረቀት ይጻፍልህ። ፒ 0171 ካለ ሞተሩ ቤንዚን እያነሰው ነው፤ ከፓምፕ ታሪካችን ጋር ይሄዳል። ፒ 0335 ካለ የክራንክ ሴንሰር ጉዳይ ነው። ኮድ ሳያሳዩህ ኮምፒውተር ቦክስ የሚሉህ ከሆነ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ። ቤንዚኑን ለሞተሩ የሚረጨውን ኢንጄክተር ማጠብ ክፋት የለውም፤ ግን በሙቀት የሚጠፋ መኪናን አያስነሳም፤ ከሞላልህ በኋላ የምታደርገው ነገር ነው።

ፓምፑ በእርግጥ መሞቱ ከተለካ ዕቃው ላይ ሦስት መንገድ አለህ። ሙሉውን ማቆሚያ ከነተንሳፋፊው አዲስ መግዛት ውድ ነው፤ ከቻልክ ግን ጌጁም ባንዴ ይፈታልሃል። ፓምፑንና ወንፊቱን ብቻ አዲስ ገዝቶ አሮጌው ማቆሚያ ላይ መሰካት መካከለኛው ነው፤ የታጠፈው የተንሳፋፊ ክንድ ከተስተካከለ እኔ ብዙ ጊዜ ይህን እመርጣለሁ። ሦስተኛው ያገለገለ ማቆሚያ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ማምጣት ነው። ሶማሌ ተራ ጥሩም መጥፎም አለ፤ ያገለገለ የጃፓን ፓምፕ አንዳንዴ ከአዲስ አስመሳይ ይሻላል። ግን ሳትሞክር አትግዛ፣ ሙከራውም ደረቅ ላይ እንዳይሆን፤ ከአንድ ሁለት ሴኮንድ በላይ ያለ ቤንዚን ካዞሩት እዚያው ፊትህ እያቆሰሉት ነው። አዲስ የምትገዛ ከሆነ ካርቶኑን አትመን። የፋብሪካ ስም ካርቶን ላይ ማተም ማንም ይችላል። ፓምፑ ራሱ ላይ ያለውን ቁጥር ከአሮጌው የፋብሪካ ፓምፕ ቁጥር ጋር አስተያይ፣ ክብደታቸውን በሁለት እጅህ መዝን፤ አስመሳዩ ብዙ ጊዜ ይቀላል፣ የሽቦው ጫፍና የፕላስቲኩ ጠርዝ ሸካራ ነው። ከሻጩ ጋርም «ካልሠራ በስንት ቀን ይመለሳል» የሚለውን ደረሰኙ ጀርባ ላይ አስጽፍ። የክዳኑ ጎማም አዲስ ይሁን፤ አሮጌው ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ መኪናው ውስጥ የቤንዚን ሽታ ይገባል፣ ልጆች ኋላ ይቀመጣሉና በዚህ ቀልድ የለም።

ከተጠገነ በኋላ «ጨርሰናል» ሲሉህ በጋራዡ ዙሪያ አንድ ዙር ነድተህ አትክፈል። ከሰዓት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ሙቀት በአሰላ መንገድ ውጣ፤ ዴራን አልፈህ ወደ ኢተያ ያለውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ጭነህ ንዳው። እዚያ ያልተቆራረጠ መኪና ሞጆ ድረስ አያሳፍርህም። ከተቻለ መካኒኩ አብሮህ ይሁን፣ ምሳም ጋብዘው።

ስለ ሻጩ ጠይቀሃል። በእኔ ዓይን የ20 ዓመት መኪና ፓምፕ መሞት ማታለል አይደለም፤ ካንዴላና ፍሬን ሸራ እንደሚያልቁ ፓምፕም ያልቃል። ሻጩ እየጠፋ ያስቸግረው እንደነበር የሚመሰክር ሰው ካለህ ነገሩ ሌላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ በሸጠው ዕቃ ላይ ላለ ጉድለት ያለበትን ኃላፊነት ይደነግጋል፤ ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ሦስት ወር ዝም ብለሃል፣ ውልህ ላይም «አይቼ፣ አስመርምሬ፣ ወድጄ ገዛሁ» የሚል ሳይኖር አይቀርም። እዚህ ላይ ከእኔ ይልቅ ጠበቃ ይሻልሃል። እኔ የምልህ ግን ጉልበትህን ሻጩ ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው ጋራዥ ላይ አውለው። ጌጁ እነሱ እጅ ላይ ተበላሽቷል፣ የገባው ፓምፕ 6 ሳምንት ነው የቆየው። ደረሰኝህን፣ አሮጌውን ፓምፕና የታጠፈውን ክንድ ይዘህ በሰላም ሂድ። ድምፅህን ከፍ አታድርግ፤ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውና «ይህን እስቲ ንገሩኝ» በላቸው። ቢያንስ የእጁን ዋጋ ሳይመልሱ አይቀሩም፤ ስሙን የሚወድ ጋራዥ ከሆነ ፓምፑንም ይተካል።

ልሽጠው ላልከው፣ እየተቆራረጠ ከሸጥከው ገዢው ሁሉ «ሞተሩ ነው» ብሎ ይቀንስብሃል፤ ከጥገናው የበለጠ ታጣለህ። ደግሞ ምን ልትተካው ነው? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ሲያስወድድ፣ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የያዝከው ኮሮላ ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ መለዋወጫው በየቦታው የሚገኝ፣ ማንም መካኒክ የሚያውቀው መኪና ነው። ጠግነው።

አንድ ነገር ልድገምልህ፣ ሰው ስለሚንቀው ነው። ክዳኑ ሲከፈት የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይቁም፣ በአካባቢው ብየዳ፣ ሲጋራ፣ ከሰል አይኑር፤ የቡና ምድጃም ጭምር። እሳት ማጥፊያ የሌለው ጋራዥ ውስጥ ታንክ አይከፈትም። ወደ ጋራዥ ስትሄድም ታንኩን ሞልተህ አትሂድ፤ ሙሉ ታንክ መክፈትም ማውረድም አስቸጋሪና አደገኛ ነው። ጌጅህ ስለማይነግርህ ስንት እንዳለ አታውቅም፤ ስለዚህ ጠዋት በብርዱ 10 ሊትር ጨምርበትና ሂድ። ሥራው አልቆ፣ ጌጁም ሲንቀሳቀስ በዓይንህ ካየህ በኋላ ማደያ ገብተህ ሙላው፤ ከዚያ ወዲያ ከሩብ አታሳንሰው። ሁለቱ ፓምፖች ሲከፈቱ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ካርቦኖቹንና ወንፊቱን በቅርበት።